ለጥቂት ወራት የታሰበ አገልግሎት፦ የዶክተር ጋሪ ፓርከር የሆስፒታል መርከብ ሕይወት

የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩና ጥያቄው

የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም የሆኑት አሜሪካዊው ዶክተር ጋሪ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1987 አናስታሲስ በምትባል የሆስፒታል መርከብ ላይ ሲሳፈሩ፣ ለጥቂት ወራት አገልግለው ወደ ቀድሞ ሥራቸው ሊመለሱ አስበው ነበር። አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ መርከብ የሥራ ቦታቸውም መኖሪያቸውም ሆነ፤ ትዳር የመሠረቱት በዚሁ አገልግሎት ላይ ካገኟት ባለቤታቸው ጋር ሲሆን፣ ሁለት ልጆቻቸውንም ያሳደጉት ወደብ ላይ በቆመች መርከብ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእሳቸው ሕይወት ለጥናት የሚመች ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የሆስፒታል መርከብ በባሕርዩ ጊዜያዊ ነው፤ በባሕር መጥቶ በባሕር ይሄዳል። ይህን ዓይነቱን ሕክምና የሚተቹ ሰዎችም የሚያነሡት ይህንኑ ነው፦ የዛሬው ሕመምተኛ ታከመ እንበል፣ መርከቧ ከሄደች በኋላ የሚታመመውስ? ትችቱ ተገቢ ነው፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባውም። የፓርከር አገልግሎት ግን በእንዲህ ያለ ጊዜያዊ ተቋም ውስጥ አንድ ሐኪም ሳይነቃነቅ ለአሥርት ዓመታት ሲቆይ ምን እንደሚለወጥ፣ ምንስ ሳይለወጥ እንደሚቀር አጥርቶ ያሳያል። በእኔ ግምት የዚህ ሐኪም ትልቁ መሣሪያ ቆይታው ነው፤ ትልቁ ጠላቱም መርከቧ የምትመራበት የጊዜ ሰሌዳ ነው።

መርከቦቹ

ፓርከር የተቀላቀሉት ድርጅት መርሲ ሺፕስ ይባላል። ዶን ስቲቨንስና ባለቤታቸው ዴዮን በ1978 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ ያቋቋሙት ሲሆን፣ መነሻው ዩዝ ዊዝ ኤ ሚሽን የተባለው የክርስቲያን ወጣቶች አገልግሎት ነበር። የመጀመሪያዋ መርከባቸው አናስታሲስ በ1953 በጣሊያን ትሪየስቴ የተሠራችና ቀድሞ ቪክቶሪያ በሚል ስም መንገደኞች ታመላልስ የነበረች ናት። እርሷን ወደ ሆስፒታልነት ለመቀየር በግሪክ የባሕር ዳርቻ ዓመታት የፈጀ ጥገና አስፈልጓል፤ ተጠናቅቃ ስትወጣ ሦስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና አርባ ያህል አልጋዎች ነበሯት። በ2007 ጡረታ ስትወጣ በቦታዋ አፍሪካ መርሲ ተተካች። ይህችኛዋ በ1980 የተሠራች፣ ባቡር ጭና ትሻገር የነበረች የዴንማርክ ጀልባ ስትሆን፣ የባቡር ሠረገላዎች ይቆሙበት የነበረው ወለል አምስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና ሰማንያ ያህል አልጋዎች ያሉት ሆስፒታል ሆነ። በ2021 ደግሞ ከመጀመሪያው ለሆስፒታልነት ታስባ በቻይና ቲያንጂን የተሠራችው ግሎባል መርሲ ለድርጅቱ ተሰጠች፤ 174 ሜትር ርዝመት፣ ስድስት የቀዶ ሕክምና ክፍሎችና ሁለት መቶ ያህል አልጋዎች አሏት።

መርከብ ለምን ተመረጠ የሚለው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው ቴክኒካዊ ነው። ከባድ ቀዶ ሕክምና የማይቋረጥ መብራት፣ ንጹሕ ውኃ፣ ኦክስጅን፣ የመሣሪያ ማምከኛ፣ ላቦራቶሪና የራጅ ክፍል በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ መገኘታቸውን ይጠይቃል፤ ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ጊዜ ሌሎቹ ሁሉ ዋጋ ያጣሉ። መርከቧ ሁሉንም በሆዷ ይዛ ትመጣለች። የምትመጣው ግን በራሷ ፈቃድ አይደለም፤ የአገሩ መንግሥት ሲጋብዛትና ስምምነት ሲፈረም፣ ቀዳሚ ቡድንም ወራት አስቀድሞ ገብቶ ወደቡን፣ ሆስፒታሎቹንና የሕመምተኞቹን መምጫ መንገድ ሲያመቻች ነው። አንዴ መልሕቅ ከጣለች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ወር ያህል በአንድ ወደብ ትቆማለች፤ ከዚያ ለጥገና ትሄዳለች። ይህች አሥር ወር ከታች ደጋግማ ትመጣለች።

የሚኖርበት ሕይወት

በመርከቧ ላይ የሚያገለግል ሰው፣ ሐኪምም ይሁን ምግብ አብሳይ ወይም መካኒክ፣ ደመወዝ የሌለው በጎ ፈቃደኛ ነው። ይህ ብቻ አይደለም፤ ለረጅም ዓመታት ለሚተኛበት ክፍልና ለሚበላው ምግብ በየወሩ ራሱ ሲከፍል ኖሯል። ገንዘቡ የሚመጣው ከገዛ ቁጠባው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከወዳጅ ዘመዶቹ ነበር። አንድ የተዋጣለት የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም በካሊፎርኒያ ምን ሊያገኝ ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም፤ ፓርከር ግን ለመሥራት እየከፈሉ ኖረዋል። ሚስዮናዊነቱ በዋናነት የሚታየው በዚህ ይመስለኛል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ይጸለያል፣ በሕሙማን ክፍሎች መዝሙር ይዘመራል፤ ሆኖም ሕክምናው ሃይማኖት ሳይለይ ለሁሉም በነጻ ይሰጣል፤ መርከቦቹ በተደጋጋሚ ከሄዱባቸው አገሮች መካከል ሕዝባቸው በአብዛኛው ሙስሊም የሆነው ጊኒና ሴኔጋል ይገኙበታል። ሐኪሙ ስለ እምነቱ በቃል ከሚናገረው ይልቅ ኑሮው የሚናገረው ይበልጣል።

ቤተሰብ ይዞ በጠባብ የመርከብ ክፍል ውስጥ መኖር የራሱ ሥርዓት አለው። መርከቧ ለሠራተኞች ልጆች ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላት። ልጆቹ ከአርባ ገደማ አገሮች ከመጡ ጎረቤቶች ጋር ያድጋሉ፤ ጎረቤቶቹ ግን በየጥቂት ወሩ ይለዋወጣሉ፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች የሚመጡት ለሳምንታት ወይም ለወራት ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገርለት የረጅም ጊዜ አገልጋይ መሥዋዕትነት ይህ ነው፦ ወዳጅን ደጋግሞ መሸኘት።

ይህ አኗኗር ለሕክምናው ቀጥተኛ ጥቅም አለው። የሐኪሙ መኝታና የሕሙማኑ ክፍል የሚለያዩት በጥቂት ደረጃዎች ብቻ ነው። የፊትና የአንገት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሌሊት ቢደማ ወይም አየር መተላለፊያው ቢያብጥ የሚፈለገው እርዳታ በደቂቃዎች ውስጥ መድረስ አለበት፤ እዚህ ይደርሳል። ደም ሲያስፈልግ የሚለገሰውም ከዚያው ከመርከቧ ነው፤ የደም ዓይነታቸው የተመዘገበ ሠራተኞች ይጠራሉ፤ መካኒኩ ወይም መምህሯ ከሥራ ተነሥተው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ ደሙም ብዙ ሳይቆይ ፎቅ ሥር ለተኛው ሕመምተኛ ይሰጣል። ዘይት በነካው ልብስ ከሞተር ክፍል የወጣ ሰው ደሙ በማግስቱ በማያውቀው ሰው ሰውነት ውስጥ ሲዘዋወር፣ ማን ሐኪም ማን ሠራተኛ እንደሆነ የመለየቱ ነገር ትርጉም ያጣል።

አንድ በሽታ በቅርብ ሲታይ

የፓርከርን ሥራ ለመረዳት አሜሎብላስቶማ የተባለውን ዕጢ ማወቅ ያስፈልጋል። መነሻው የጥርስን ልባስ ከሚሠሩ ሕዋሳት ሲሆን በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ይበቅላል። በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም እምብዛም አይዛመትም፤ በዝግታ ያድጋል፤ ሲጀምርም አያምም። ቀዶ ሐኪም ባለበት አገር ገና ትንሽ እብጠት ሳለ በጥርስ ራጅ ይገኝና ይወጣል፤ ሰውየውም ሥራውን ይቀጥላል። ቀዶ ሐኪም በሌለበት ግን ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ አፍን ይሞላል፤ ጥርሶችን ያፈናቅላል፤ ምላስን ወደ ኋላ ይገፋል፤ የታመመው ሰው በመጀመሪያ ጠንካራ ምግብ፣ በኋላም ፈሳሽ መዋጥ ያቅተዋል፤ በመጨረሻ አየር ያጥረዋል። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ሰውን በረኃብና በመታፈን ይገድላል ማለት ነው።

ከመሞቱ በፊት ደግሞ ከሰው መሐል ይወጣል። ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ይኖራል፤ ገበያ መሄድ ይተዋል፤ እርግማን ወይም መተት እንዳለበት ይታማል፤ ዘመድ እንኳ ማዕድ ሊለይበት ይችላል። እግሩ ወይም እጁ የታመመ ሰው ሕመሙን በልብስ ይሸፍናል፤ ፊት ግን ሰው ከሰው የሚገናኝበት ስለሆነ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው ራሱ እንደተሸፈነ ይቆጠራል። በመርከቧ የሕሙማን ክፍል መጀመሪያ ከሚደረጉ ነገሮች አንዱ ቀላል ቢመስልም በእኔ አስተያየት ከመድኃኒት አያንስም፦ ነርሶቹ ሕመምተኛውን ቀጥ ብለው ዓይን ዓይኑን እያዩ ያነጋግሩታል፤ እጁንም ይይዙታል።

ቀዶ ሕክምናው የሚጀምረው በማደንዘዣ ነው፤ በጣም አስፈሪው ክፍልም ይኸው ነው። አፉ በዕጢ የተሞላ ሰው እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ ተደንዝዞ ቱቦ በአፉ ሊገባለት አይቻልም፤ ካንቀላፋ በኋላ ቱቦው ባይገባ ይታፈናልና። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያው ሕመምተኛው ንቁ እንዳለ አፍንጫውንና ጉሮሮውን አደንዝዞ፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ተጣጣፊ መሣሪያ በአፍንጫው አሳልፎ የአየር ቧንቧውን ይፈልጋል፤ ቱቦውም ተከትሎት ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው የሚተኛው። ቀዶ ሐኪሙ የታመመውን የመንጋጋ ክፍል ከጤናማው አጥንት ጭምር በመጠኑ ጨምሮ ያወጣል፤ ሕዋሱ አጥንት ውስጥ ከተረፈ ዕጢው ተመልሶ ይመጣልና ስስት እዚህ ጋ አይሠራም። በወጣው አጥንት ምትክ ለመንጋጋው ቅርጽ ተስማምቶ የታጠፈ የቲታኒየም ማገር በብሎን ይታሰራል። ቁስሉ ከዳነና ሥጋው ከጠና በኋላ፣ ከወራት በኋላ ማለት ነው፣ ከዳሌ አጥንት ተወስዶ በማገሩ ላይ ይተከላል፤ አዲስ መንጋጋ የሚሆነው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የጊዜ ሰሌዳው ጥያቄ ይነሣል። ሕክምናው ሁለት ጊዜ የሚሠራና በመካከሉ ወራት የሚፈልግ ነው፤ መርከቧ ደግሞ አሥር ወር ብቻ ትቆማለች። ዕጢው በመጀመሪያዎቹ ወራት የወጣለት ሰው መርከቧ ሳትሄድ አጥንቱ ሊተከልለት ይችላል። መጨረሻ ላይ የደረሰው ግን ሕይወቱ ቢተርፍም ማገሩን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ማገር ደግሞ ለዘለዓለም አይጸናም፣ ሊላላም ሊሰበርም ይችላል። አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ ዓይነት ሐኪም፣ አንድ ዓይነት ክፍል ሆኖ ሳለ ዕጣ ፈንታን የሚለየው የመምጫ ወር ይሆናል። ሁሉም ሐኪም ይህን ያውቃል፤ ለዓመታት የቆየ ሐኪም ግን ከባዶቹን ጉዳዮች ወደ መጀመሪያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩትን ወደ መጨረሻ ለማድረግ ሰሌዳውን መሥራት ይማራል። ለሳምንታት የመጣ እንግዳ ሐኪም፣ እጁ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ይህን ማየት አይችልም።

የዚህ ዕጢ ትልልቅ ዓይነቶች በሀብታም አገር ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሐኪም በሥራ ዘመኑ ሁሉ ላያያቸው ይችላል። ፓርከር እንዲህ ያሉትን በየዓመቱ ሲሠሩ ኖረዋል። የልምዱ ክምችት ለሌሎች የሚተላለፍ ነገር የሆነውም ለዚህ ነው።

ቢላዋ የማይመልሰው

ኖማ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ የመርከብ ሕክምናን ወሰን ከእርሱ በላይ የሚያሳይ ያለ አይመስለኝም። ኖማ የሚይዘው በአብዛኛው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት የሆናቸውን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱና ኩፍኝን የመሰለ በሽታ ያዳከማቸውን ልጆች ነው። በድድ ቁስል ይጀምራል፤ በቀናት ውስጥ ጉንጭና ከንፈርን፣ አንዳንድ ጊዜም አጥንትን ይበላል። ካልታከመ አብዛኞቹን ይገድላል። በመነሻው ላይ ከተደረሰበት ግን ርካሽና የታወቁ አንቲባዮቲኮች፣ የአፍ ንጽሕናና ጥሩ ምግብ ያስቆሙታል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በታኅሣሥ ወር 2023 ብቻ ነው።

ወደ መርከቧ የሚመጡት የተረፉት ናቸው፤ ጉንጫቸው ላይ ቀዳዳ ያለ፣ መንጋጋቸው በጠባሳ ተቆልፎ አፋቸው የማይከፈት፣ ብዙዎቹም አዋቂ የሆኑ። እነርሱን መመለስ ከሌላ የሰውነት ክፍል ሥጋና ቆዳ አዙሮ ማምጣትን፣ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናንና ብዙ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ውጤቱ ያስደንቃል። ቢሆንም እጅግ ከፍተኛ የሆነ የቀዶ ጥበብ፣ በልጅነት ጥቂት ቀን የተወሰደ መድኃኒት ሊያስቀረው ይችል የነበረውን ጉዳት ሲጠግን ማየት ያሳዝናል። የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጣቢያ መርከብን አያስፈልግም ሊያሰኝ ይችላል፤ መርከብ ግን ጤና ጣቢያን አይተካም።

«አይቻልም» የሚባልበት ቀን

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ ማጣሪያው ነው። መርከቧ መድረሷ ሲሰማ ሰዎች ከሩቅ አውራጃ ተነሥተው ሌሊቱን በሰልፍ ያድራሉ፤ ቁጥራቸውም ሺዎች ሊደርስ ይችላል። በ2011 በፍሪታውን ስታዲየም በተዘጋጀው ማጣሪያ ላይ በተፈጠረ መተፋፈግ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ተስፋ ራሱ አደጋ የሚያመጣበት ጊዜ አለ ማለት ነው። በኋላ በማዳጋስካር እንደታየው ትንንሽ ቡድኖች ወደ መሐል አገር ከተሞች ሄደው ሕሙማንን ባሉበት ማየታቸው ሰዉን ከረጅም መንገድም ከግፊያም ያድናል።

በማጣሪያው ላይ ፊቱ ያበጠ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ልጅ ከሆነና እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ ያደገ ከሆነ በርኪት ሊምፎማ የተባለው ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ቢላዋ ሳይሆን የካንሰር መድኃኒት ይፈልጋል። አዋቂ ከሆነና ካንሰሩ ወደ ራስ ቅል ወይም ወደ አንገት ከዘለቀ ጨረር የሌላት መርከብ ልታደርግለት የምትችለው የለም። በዚያን ጊዜ ለቀናት ተጉዞ፣ ምናልባትም ላም ሸጦ የመጣ ሰው ፊት ቆሞ «አይቻልም» ማለት ያስፈልጋል።

የዚህ አገልግሎት ክርስቲያናዊነት የሚፈተነው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በሕክምና ስሌት ብቻ የሚሄድ ድርጅት፣ አልጋ ለማይሰጠው ሰው ጊዜ ማጥፋት የለበትም። በመርከቧ አሠራር ግን «አይቻልም» የተባለው ሰው ወዲያው አይሸኝም፤ የሚቀመጥበት ቦታ፣ አብሮት የሚቀመጥና ከፈለገ አብሮት የሚጸልይ ሰው ይኖራል። የማይድኑትን በየቤታቸው እየሄደ ቁስል የሚያጥብ፣ የሕመም ማስታገሻ የሚሰጥና ቤተሰቡን እንዴት እንደሚንከባከብ የሚያስተምር የማስታመም አገልግሎትም ነበራቸው። ቁጥር ውስጥ የማይገባ ሥራ ነው፤ በዓመታዊ ሪፖርት ላይ «የዳነ» ተብሎ አይጻፍም። ይህን ሥራ የሚያስቀር ሚስዮናዊ ድርጅት ግን ከሌላው በምን እንደሚለይ መናገር ያዳግተዋል።

በሽታ ራሱ ወደቡን ሲዘጋ

በ2014 አፍሪካ መርሲ ወደ ጊኒ፣ ኋላም ወደ ቤኒን ልትሄድ ታቅዶ ነበር። የኢቦላ ወረርሽኝ ምዕራብ አፍሪካን ሲያጥለቀልቅ ዕቅዱ ተሰርዞ መርከቧ ወደ ማዳጋስካር ቱአማሲና ወደብ ሄደች፤ እስከ 2016ም በዚያ ቆየች። ውሳኔው የሚያወዛግብ ነው፤ ሐኪም ከወረርሽኝ ይሸሻልን? በጥሞና ሲታይ ግን የቀዶ ሕክምና መርከብ ለወረርሽኝ የተሠራች አይደለችም፤ በጠባብ ቦታ መቶዎች ይኖሩባታል፤ በሽታው ገና ያልታወቀበት የአንድ ሕመምተኛ ደም በቀዶ ክፍል ውስጥ ቢነካ በሽታው መርከቧን ሙሉ ሊይዝ ይችል ነበር። በመጋቢት 2020ም በኮሮና ምክንያት ከዳካር ቀድማ ወጥታለች። ሁለቱም ክስተቶች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፤ ሕዝቡ ሐኪም በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ መርከብ ላትኖር ትችላለች፤ በዚያን ጊዜ የሚኖሩት የአገሩ ሐኪሞችና ነርሶች ብቻ ናቸው።

የሚቀረው

ስለዚህ የፓርከር ሥራ ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ማስተማር ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። በየወደቡ የአገሩ ቀዶ ሐኪሞች ከእሳቸው ጎን ቆመው በመጀመሪያ ይረዳሉ፤ ቀጥሎ በእሳቸው ረዳትነት ይሠራሉ። አብሮ መሥራት ጊዜ ይወስዳል፤ በቀን ሦስት ሰው ሊሠራ የሚችል ሐኪም እያስተማረ ሁለት ብቻ ይሠራል። ተራው ለደረሰው ሦስተኛ ሕመምተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እንዲያም ሆኖ ምርጫው ትክክል ይመስለኛል።

ከመርከቧ ውጭም ሥልጠናው ቀጥሏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣውና 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር በማዳጋስካር፣ በቤኒንና በካሜሩን ሆስፒታሎች እንዲለመድ አሠልጣኞች በየሆስፒታሉ ዞረዋል። የሕመምተኛውን ማንነትና የሚሠራውን ቦታ ማረጋገጥ፣ የቁስል መጥረጊያ ጨርቅና መርፌ መቁጠር፣ አንቲባዮቲክ በጊዜው መሰጠቱን መጠየቅ፤ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። በማዳጋስካር ከወራት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ ዝርዝሩ በሥራ ላይ መሆኑን ባብዛኛው አግኝተዋል። በጊኒ ደግሞ ከኮናክሪው ጋማል አብደል ናስር ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን የማሠልጠን ሥራ ተጀምሯል፤ የመንጋጋን ዕጢ ገና ትንሽ ሳለ የሚያገኘው የጥርስ ሐኪም ስለሆነ፣ ይህ ሥራ ከላይ ከተገለጸው ቀዶ ሕክምና ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ግሎባል መርሲ በ2022 ወደ ዳካር፣ በ2023 ወደ ፍሪታውን ስትሄድ ከቀዶ ክፍሎቿ በተጨማሪ የማሠልጠኛ ክፍሎችን ይዛ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2015 ባወጣው ጥናት መሠረት ደኅንነቱ የተጠበቀና አቅምን ያገናዘበ ቀዶ ሕክምና የማያገኘው ሕዝብ አምስት ቢሊዮን ይደርሳል፤ በዚህ ቁጥር ፊት ሁለት መቶ አልጋ ምንም ማለት አይደለም። በመርከቧ ላይ የሠለጠነ አንድ የአገሬው ቀዶ ሐኪም ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ ግን ጥያቄው ሌላ ይሆናል፦ የአጥንት መጋዙን፣ የቲታኒየም ማገሩንና ብሎኑን ማን ይገዛለታል? ማምከኛው የሚሠራበት መብራት ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆያል? የማደንዘዣ ባለሙያው ያንን ተጣጣፊ መሣሪያ አለው? እነዚህን ዕቃዎች በጤና በጀታቸው ውስጥ በየዓመቱ ማስገባት የጋባዦቹ መንግሥታት ፋንታ ነው፤ ከመርከቧ ጋር ስምምነት በሚፈረምበት ጠረጴዛ ላይም አብሮ መፈረም ያለበት ይህ ነው።